ወናፍ የገጠምኩላት መኪና

መኪና ያለው ሰው በእግሩ አይሄድም ብሎ የሚያስብ ካለ፣ በደርግ ጊዜ ከላሊበላ ወደ ጋሸና በሚያወጣው አቀበት ላይ እኔን አላየኝም ማለት ነው። እኔ መኪናም ነበረችኝ፣ በእግሬም እሄድ ነበር። እንዲያውም ሁለቱን በአንድ ጊዜ አስኬዳቸው ነበር። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ የነዳጅ መርገጫው ላይ ድንጋይ አስቀምጬ፣ ወርጄ ከጎኗ እየሄድኩ በመስኮት በኩል መሪዋን እይዛለሁ። የኔ ክብደት ሲቀንስላት ትንሽ ትተነፍሳለች። ተሳፋሪዎቼማ አቀበቱ ሲጀምር ነው የሚወርዱት። በአቋራጭ ወጥተው፣ ላይ ደርሰው፣ ስንቃቸውን ፈትተው በልተው፣ ጋደም ብለው ይጠብቁኛል። ስደርስ «ምነው ዘገየህ?» ይሉኛል። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ለቅሶ ልትደርስ ቸኩላ ስለነበር፣ «አንተ ቀስ ብለህ ና» ብላኝ ሄዳለች።

መኪናዋን ግን አትናቁብኝ። በደህናው ጊዜ የአንድ ሆቴል መኪና ነበረች፣ እኔም ሾፌሯ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ፈረንጅ ጭነን ስንመጣ ነጭ ቀለሟ ያብረቀርቅ ነበር። እኔም ነጭ ሸሚዝ ነበረኝ። አብዮቱ መጣና ፈረንጁ ቀረ። ፈረንጁ ሲቀር የሆቴሉ ባለቤት «አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ሄደ፤ ይኸው እስካሁን እየመጣ ነው። በደመወዜ ፈንታ መኪናዋ እኔ ዘንድ ቀረች። ሸሚዙና የመኪናዋ ቀለም አብረው አረጁ፤ በመጨረሻ የትኛው የትኛውን እንደመሰለ መለየት አስቸጋሪ ሆነ።

አማቴ የድጓ መምህር ናቸው። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። መጀመሪያ ፊደሉ ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ የተማሪዎቻቸው ፊት፣ በመጨረሻ የቤታቸው በር። እሳቸው አያማርሩም። ባለቤቴ እናትነሽ ግን በሳቸውም ፈንታ በራሷም ፈንታ ታማርራለች። አንድ ቀን ከክሊኒክ ወሬ ይዛ መጣች።

«ወልድያ ሆስፒታል የዓይን ሐኪሞች ሊመጡ ነው» አለች። «ሞራውን ያወጡታል አሉ። የሚቆዩት ግን ለጥቂት ቀን ነው።»

«እሰይ!» አልኩ።

«ታደርሳቸዋለህ።»

«በምን?»

በመስኮቱ በኩል ወደ ደጅ አየች። እኔም አየሁ። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ቆማለች። አንዲት ዶሮ ከሥሯ ወጥታ እንደገና ገባች።

ሌላ መንገድ አልነበረም። የጭነት መኪና ወደኛ የሚመጣው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። መጣ ሲሉትም ለዘመቻ ይጠራና የጫነውን ሳያራግፍ ይሄዳል። በበቅሎ እንዳንወስዳቸው፣ የኔታ ከበቅሎ ወድቀው ወገባቸውን ከተጎዱ ወዲህ እናትነሽ የበቅሎ ስም እንዲነሳባት አትፈልግም። በእግራቸውማ እንኳን ጋሸና፣ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስም ሰው ይዟቸው ነው።

ይህን ጊዜ ነው ገዛኸኝ የመጣው።

ገዛኸኝ ድሮ መንገድ ሥራ ላይ የነበረ መካኒክ ነው። እጁ ሞኝ አይደለም። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። የሚያውቀውን ነገር በለሆሳስ ይናገራል፤ የማያውቀውን ነገር ሲያስረዳ ደግሞ ድምፁ ከፍ ይላል። በዚያን ቀን ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ነበር የሚያስረዳኝ።

«መኪናህ አልታመመችም!» አለ። «አየር ነው ያጠራት! እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ ካልተነፈሰ አይሠራም። ቀጥቃጭ ብረት ሲያግል ምን ያደርጋል?»

«ወናፍ ይነፋል።»

«በቃ! ለሞተርሽ ወናፍ እንገጥምልሻለን!» አለ፣ ወደ መኪናዋ ዞሮ። «ሱፐርቻርጀር ይባላል። አየሩን ጠቅጥቆ ሞተሩ ውስጥ ያስገባል። አየር ሲበዛ ቤንዚን በደንብ ይቃጠላል፣ ቤንዚን ሲቃጠል ጉልበት ይመጣል። ጋሸናን እንደ ሜዳ ትወጫታለሽ!»

ወናፉንም አግኝቶታል። ኮን ላይ አንድ ነጋዴ መንገድ ሠሪዎች ጥለውት የሄዱትን አሮጌ ግሬደር በቁራጭ ብረትነት ገዝቶ ነበር። ገዛኸኝ የነጋዴውን ወፍጮ ሲጠግንለት፣ በምላሹ ከግሬደሩ ሞተር ላይ ወናፉን ፈታ፤ ወናፉን የሚያዞርለት የወፍጮ አሮጌ ቺንጋም ጨምሮ ወሰደ። በአህያ አስጭኖ ሲያመጣው አየሁት። የበግ ሬሳ ያክላል። አህያዋ ስታራግፈው የተሰማትን ደስታ እኔ እስከዛሬ አልረሳውም።

እንግዲህ እኔም ሾፌር ነኝና ትንሽ ትንሽ ይገባኛል። ፈራሁ።

«ገዛኸኝ» አልኩት፣ «ይህ የግሬደር ነው። እሺ፣ ሞተሩስ ይጠነክራል እንበል። ከሞተሩ ወዲያ ያለውስ? ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ የኋላው አክስ? እነሱ የተሠሩት ለድሮው ጉልበት ነው። ይችሉታል?»

«እነሱ ተከታዮች ናቸው!» ብሎ ጮኸ። «መሪው ከጠነከረ ተከታዩ ምን ይሆናል?»

በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ንግግር ሲሰማ ማጨብጨብ ልማድ ስለነበር፣ እጆቼ ሊያጨበጭቡ ግማሽ መንገድ ሄደው ነው ያስቆምኳቸው። ግን ክርክሩን እሱ አሸነፈ። እናትነሽም አጠገባችን ቆማ ነበር፤ «ይወጣል ወይ?» ብላ ጠየቀችው፣ «ይወጣል!» አላት። ከዚያ በኋላ የኔን ሐሳብ የጠየቀኝ የለም።

ገዛኸኝ ሳምንት ሙሉ ሲፈታና ሲያስር ከረመ። ወናፉ ሞተሩ ላይ ሲቀመጥ ካርቡራተሩ ደግሞ ወናፉ ላይ ተቀመጠ። በዚህ ምክንያት ኮፈኑ አልዘጋ አለ። ገዛኸኝ ኮፈኑን በመሮ ቀደደውና ብረቱ ሁሉ በቀዳዳው ብቅ አለ። አሁን መኪናዋ ከፊት ስትታይ ሰው በጀርባዋ አዝላ ወደ ፊት የተንሸራተተባት ትመስላለች። መንገዱን ለማየት በመስኮት አንገቴን ማውጣት ግድ ሆነብኝ።

መጀመሪያ ያስነሳናት ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው። ይህን ያላሰብነው ሁለታችንም ስለደከመን ይመስለኛል። ሞተሩ ተነሳ። ገዛኸኝ «ርገጠው!» አለኝና ረገጥኩት። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። በቀጭኑ ይጀምርና ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ይሄዳል። ገበያተኛው ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር። «አውሮፕላን! አውሮፕላን!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ሚሊሻዎቹ ሲሮጡ አየሁ። በርበሬ ተደፋ፣ ፍየል አመለጠ፣ አንድ ሰውዬ ከነጥላው ቦይ ውስጥ ገባ። ሞተሩን ሳጠፋው አገሩ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም ሰው ቀስ ብሎ ከሰማይ ወደ እኔ ዞረ።

ቀበሌ ተጠራን። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸው ላይ አቧራ አለ፤ እሳቸውም መሬት ላይ ተኝተው ነበር ማለት ነው።

«ጓድ ሾፌር፣ ያ ድምፅ የምንድን ነው?»

«የወናፍ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ወናፍ እንዲህ አይጮህም። ሚሊሻዎቼ ሮጠው ባቄላ ውስጥ ተኝተዋል። አንዱ ጠመንጃውን የጣለበት ጠፍቶት ገና እየፈለገ ነው።»

ገዛኸኝ ጣልቃ ገባ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ መሣሪያ አየሩን ይሰበስብና ለሞተሩ ያከፋፍላል!»

ሊቀመንበሩ አሰቡ። «አየሩን ከማን ወስዶ?»

«ከአካባቢው።»

«አካባቢው አይጎዳም?»

«ኧረ ብዙ አየር አለ፣ ጓድ።»

ጉዳዩ የኔታ ዓይን መሆኑን ነገርኳቸው። ሊቀመንበሩ ልጅ ሳሉ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረዋል፤ ነገሩ አለዘባቸው። ፈቀዱልን። ነገር ግን ከተማ ውስጥ ወናፉ እንዳይነፋ አዘዙ። ወናፉ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ስለታሰረ፣ ሞተሩ ሲነሳ እሱም ይነሳል ብለን አስረዳን። «እንግዲያው ሞተሩም ከተማ ውስጥ አይነሳ» አሉ።

በዚህም ምክንያት፣ ጉልበት የጨመርንላት መኪና ከቤቴ እስከ ከተማው ዳርቻ በሰው ጉልበት ትገፋ ጀመር። ስንወጣ እንገፋታለን፣ ስንመለስ እንገፋታለን። ድሮ በአቀበት ብቻ ነበር በእግሬ የምሄደው፣ አሁን በሜዳም እየገፋሁ መሄድ ተጨመረልኝ። ጎረቤቶቼ በመጀመሪያው ቀን ይስቁ ነበር። በኋላ እኔን ሲያዩ ቤታቸው መግባት ጀመሩ፣ ግፉ እንዳልላቸው።

በመጀመሪያው ሙከራ በነአኩቶ ለአብ ገዳም በኩል ወዳለው መንገድ ወሰድናት። ዳገት ላይ አቆምኳት፣ ማርሽ አስገባሁ፣ ረገጥኩ። ሞተሩ እንደ አውሎ ነፋስ አፏጨ። መኪናዋ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም። ከሥሯ ጭስ ወጣ። የተቃጠለ ቀንድ የሚመስል ሽታ አካባቢውን ሞላው። ከገዳሙ በኩል ይመጡ የነበሩ አንድ መነኩሴ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው ቆሙ።

«ምንድን ነው የሚቃጠለው፣ ልጆቼ?»

«ፍሪሲዮን ነው፣ አባታችን» አልኩ። «ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያያይዘው።»

«ያጥናችሁ» ብለው ሄዱ።

እኔ እንደተቀበረ ሰው ቤተሰብ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ገዛኸኝ ግን ደስ ብሎት እጁን ያፋትግ ነበር። «ደካማው ታወቀ!» አለ። ይቺን ቃል ከዚያ በኋላ እስኪያንገፈግፈኝ ሰምቻታለሁ። እንደገና ወደ ኮን ሄዶ ከአንድ አሮጌ ጂፕ ላይ የተፈታ፣ ጠንካራ ፍሪሲዮን ይዞ መጣ። አሁን ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ቻለው። እኔ ግን ፍሪሲዮኑን አልቻልኩትም። ፔዳሉ ከመክበዱ የተነሳ፣ ለመርገጥ መሪውን አንቄ ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ራሴ ጣራውን ይመታዋል። ከርቀት የሚያየኝ ሰው ዳዊት እየደገምኩ የምሰግድ ይመስለው ነበር።

በሁለተኛው ሙከራ መኪናዋ እውነትም ሄደች። ሄደች ብቻ አይደለም፣ ዘለለች። አንደኛን ጨርሼ ሁለተኛ ሳስገባ ግን ከወንበሬ ሥር ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ካምቢዮው ሲከፈት የሁለተኛ ማርሽ ጥርሶች ዘይት ውስጥ ተኝተው አገኘናቸው።

«ደካማው ታወቀ!» አለ ገዛኸኝ።

«ለሱም ከጂፕ አለ?»

«የለም። ግን ሁለተኛ ለምን አስፈለገህ? ወናፍ ላለው ሰው ሁለተኛ ማርሽ ቅንጦት ነው። ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ትዘላለህ።»

ያን ዕለት መኪናዋን ወደ ቤት ስንገፋ አንድ ነገር ገባኝ። ድክመቱ የትም አልጠፋም። ካንዱ ስናባርረው ወደሚቀጥለው ነው የሄደው። ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮኑ፣ ከፍሪሲዮኑ ወደ ካምቢዮው፣ እየተገፋ ወደ ኋላ ይጓዛል። ከካምቢዮው ወዲያ የቀረው አክሱ ነው። ከአክሱ ወዲያ ጎማው። ከጎማው ወዲያ ደግሞ ያለሁት እኔ ነኝ፣ እየገፋሁ።

ለእናትነሽ ይህንኑ ነገርኳት። ውኃ ቀድታ መምጣቷ ነበር፤ እንስራዋን ሳታወርድ አዳመጠችኝ።

«ሐኪሞቹ መጥተዋል» አለች። «ከክሊኒክ ሰምቼ ነው። ሰው እየተሰለፈ ነው።»

«አክሱ ከተሰበረ ገደል ነው ያለው፣ እናትነሽ።»

«አባቴ ትናንት የኔን ድምፅ ከጎረቤት ድምፅ መለየት አቃታቸው። ተሰማህ? ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ በድምፅ ነበር የሚያውቁኝ። ጆሯቸውም ሳይከተል ፊቴን አንድ ጊዜ እንዲያዩኝ ነው የምፈልገው። ከዚያ መኪናህን እንደፈለግህ አድርጋት።»

እንስራዋን አወረደች። እኔም ተነስቼ ጎማዎቹን ማየት ጀመርኩ።

በማለዳ ተነሳን። የከተማውን ዳር እስክናልፍ ሚሊሻዎቹ ራሳቸው ገፉልን፤ ሊቀመንበሩ አዘው ነው፣ ወይም ቶሎ እንድንሄድላቸው ፈልገው። የኔታ ከፊት ከጎኔ ተቀመጡ፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው። እናትነሽ ከኋላ ስንቁን ይዛለች። ገዛኸኝም ከኋላ መፍቻውን ይዟል። ሞተሩ ተነስቶ ሲያፏጭ የኔታ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«ድሮ ዕዝል ነበር የምታዜመው» አሉ። «ዛሬ አራራይ ሆናለች።»

«ወናፍ ተገጥሞላት ነው፣ የኔታ።»

«አሳምራለች። ትንሽ ግን ከፍ አድርጋ ጀምራዋለች። እንዳትዘልቀው እፈራለሁ።»

ቁልቁለቱን በሰላም ወረድን። ወንዙን ተሻገርን። አቀበቱ ተጀመረ። ራሴን ከጣራው እያጋጨሁ ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ዘለልኩ፣ ረገጥኩ፤ መኪናዋም ወጣች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ድሮ ወርጄ ከጎኗ የምሄድባቸው ጥምዝምዞች ወደ ኋላ ይሸሹ ጀመር። ከፊታችን ባዶ በርሜል ጭኖ የሚወጣ የጭነት መኪና ነበር። ደረስንበት። ጥሩምባ ነፋሁ፣ አለፍነው! እኔ፣ በለቀስተኛ ሴት የተቀደምኩት ሰው፣ መኪና ቀደምኩ። የጭነት መኪናው ሾፌር አፉን ከፍቶ ሲያየኝ አየሁት። እናትነሽ ከኋላ በእልልታ አቀለጠችው። ገዛኸኝ «አላልኩህም?» እያለ ትከሻዬን ይደበድበኛል። እኔም ደክሞኝ የማያውቅ ሰው መሰልኩ።

ጋሸና ከመድረሳችን በፊት፣ መንገዱ በጣም በሚጠብበት ቦታ ላይ፣ ከኋላችን «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እንጨት የተሰበረ ነው የሚመስለው። ሞተሩ ግን ምንም አልሆነም፤ ፉጨቱን ቀጥሏል። እኔም እረግጣለሁ። መኪናዋ ግን ቀስ አለች፣ ቆመች።

«ዜማው ሳይቋረጥ እኛ ቆምን» አሉ የኔታ።

ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ፍሬን ያዝኩ፤ ድሮም ፍሬኗ የሚይዘው በልመና ነው። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት፣ እጀታው በእጄ ቀረ። በመስታወቱ ከኋላዬ መንገድ ፈልጌ አጣሁ፤ የማየው ሰማይ ነበር። «ውረዱ!» ብዬ ጮህኩ። እናትነሽ በሯን በርግዳ ወረደች። የምትሸሽ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንስታ፣ እየሮጠች ከኋላ ጎማው ሥር ጣለችው። መኪናዋ ድንጋዩን ነካችው፣ ተንገራገጨች፣ ቆመች። እናትነሽ ሌላም ድንጋይ ጨመረች። ሌላም። መኪናዋ ከቆመችም በኋላ ማቆም አቅቷት ድንጋይ ትደረድር ነበር። ወርጄ እጇን ይዤ አስቆምኳት።

ገዛኸኝ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ወጣ። ወናፉ ከመጣ ወዲህ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሏል።

«የኋላ አክሱ ነው» አለ። «ለሁለት ተሰብሯል።»

ደካማው ታወቀ እንዲል ጠበቅኩት። አላለም። ቢል ኖሮ በመፍቻው እለው ነበር።

በአቅራቢያው የሚያርስ ገበሬ በሬዎቹን ፈትቶ መጣ። መኪናዋን በጠፍር አስረን፣ በበሬ ጎትተን ከመንገዱ ዳር ትንሽ ደልደል ያለ ቦታ ላይ አቆምናት። በሬዎቹን እየነዳ ገበሬው ኮፈኑ ላይ ብቅ ያለውን ብረት አየና «ይሄ ምን ይሠራል?» አለኝ። «ጉልበት ይጨምራል» አልኩት። ወደ በሬዎቹ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ጨዋ ሰው ስለሆነ በሬዎቹን መንዳቱን ቀጠለ።

የቀደምኩት የጭነት መኪና ቀስ ብሎ፣ በራሱ ጊዜ ደረሰ። ሾፌሩ ቆመና በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ሚግ አውሮፕላንህ ቤንዚን ጨረሰች?»

«አክስ ሰበረች» አልኩ።

ሊስቅ ነበር። የኔታን ሲያያቸው ተወው። ወርዶ ራሱ ደግፎ ጋቢና ውስጥ አስቀመጣቸው። እናትነሽና እኔ ከበርሜሎቹ ጋር ላይ ወጣን። ገዛኸኝ መኪናዋን ሊጠብቅ ቀረ። ወልድያ እስክንደርስ በርሜሎቹ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ሌላ ድምፅ አይሰማም፤ እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሁካታ መሃል ተኛሁ። እናትነሽ በኋላ እንደነገረችኝ፣ በእንቅልፌ ፍሪሲዮን እረግጥ ነበር።

ሐኪሞቹ ሊሄዱ ሲሉ ነው የደረስነው። የኔታን ተቀበሏቸው። ለጊዜው አንዱን ዓይናቸውን ሠሩላቸው፣ ሌላው በሚቀጥለው ይሆናል ተባለ። ፋሻው በተፈታበት ጠዋት አልጋቸው አጠገብ ቆመን ነበር። የኔታ መጀመሪያ መስኮቱን አዩ። ከዚያ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። ከዚያ እናትነሽን አዩ። እሷ አልተናገረችም፤ በድምፅ እንዳያውቋት ብላ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«እናትሽን መስለሻል» አሏት።

እናትነሽ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም ዓይኔ ውስጥ አንድ ነገር ገብቶ ነበር። የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። ልጃቸውን ያገባሁት ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ስለሆነ አይተውኝ አያውቁም።

«ይህ ማነው?»

«ባሌ ነው፣ አባዬ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ድምፁ ትልቅ ሰው ይመስል ነበር» አሉ።

ስንመለስ ወደ ላሊበላ እህል የሚያደርስ ሌላ የጭነት መኪና አገኘን። መኪናዬ ያለችበት ቦታ ስንደርስ ሾፌሩ እንዲያቆም ለመንኩት። ገዛኸኝ ገበሬው ቤት ሰንብቶ፣ ወፍሮ፣ ፊቱ ወዝ ጠግቦ ጠበቀኝ። እጄን ሳይለቅ ይነግረኝ ጀመር። ድምፁ ተመልሶለታል።

«አስቤበታለሁ! የጭነት መኪና አክስ! አሳጥረን፣ ቀጥቅጠን፣ እንገጥመዋለን! ከዚያ በኋላ የሚሰበር ነገር አይኖርም!»

እሱ ሲያስረዳኝ የኔታ ከጋቢና ወርደው በመንገዱ በኩል ወደ መኪናዋ ሄዱ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። በመቋሚያቸው ጎማውን ነካ አደረጉ። የኔን በር ራሳቸው ከፍተው ገቡና ተሻግረው ያን ቀን በተቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ።

«ልጄ» ብለው ጠሩኝ። በጣም በቀስታ ነው።

«አቤት፣ የኔታ።»

«ይህ ከበሩ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። «ገደል ነው፣ የኔታ።»

«ያን ቀን ስንመጣም ነበረ?»

«ነበረ።»

«ወደ ኋላ ስንሄድም?»

«አዎን፣ የኔታ።»

ከዚያ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ በወንበሩ ላይ ቀስ እያሉ ወደ ሾፌሩ በኩል ተንሸራተው፣ በኔ በር ወረዱ። ለጭነት መኪናው ሾፌር «ቁልቁለቱን በእግሬ እወርዳለሁ፣ ከታች ስትደርስ ታነሳኛለህ» አሉት። መቋሚያቸውን ይዘው በመንገዱ መሃል፣ ከገደሉ በሚቻለው ሁሉ ርቀው፣ መሄድ ጀመሩ።

ገዛኸኝ ስለ ጭነት መኪናው አክስ ገና አልጨረሰም። «መጀመሪያ ወናፉን አውርደው» አልኩት። ሲከራከር ትቼው የኔታን ተከተልኩ። ስለደከመኝ እግሬን እየጎተትኩ ነው የምሄደው፣ ዓይኔም ወደ ታች ነው። ልደርስባቸው ስል መቋሚያቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አስቆሙኝ።

«ቀስ በል» አሉኝ። «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ።»